«ይሰጣል» ጠብቆ ወይስ ላልቶ? ስለ በይነ መረብ ቪዲዮዎች የድምፅ ቅንብር የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ዛሬ በበይነ መረብ የሚወጡ የአማርኛ ቪዲዮዎች፣ ይልቁንም የትረካና የአረጋውያን ቃለ መጠይቅ ቪዲዮዎች፣ ድምፃቸው የሚቀናበርበትን ልማድ ነው። ምስሉን የሚነቅፍ ብዙ ሰው አለ፤ ድምፁን ግን «አይሰማም» ብሎ ከማለፍ በቀር ለምን እንዳልተሰማ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም ወደዚህ ጥያቄ የገባነው በዕውቀታችን ተመክተን ሳይሆን በገዛ ጥፋታችን ተገፍተን ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ጥፋታችንን እንናገራለን።

ስለ ጋብቻ ልማድ ስናጠና ከአንድ የገጠር ሽማግሌ ጋራ ረዘም ያለ ጊዜ ተነጋግረን በስልክ ቀድተን ነበር። ሽማግሌው ስለ ጥሎሽ ሲያስረዱ «አንድ በሬ ለአጎትየው ይሰጣል» አሉ። ከዚያ ስንመለስ ቃለ መጠይቁን ለሌሎች ተማሪዎች እንዲደርስ ብለን ቪዲዮ አደረግነው። ከበታቹ የማሲንቆ ዜማ አስገባንበት፤ ለግርማ ያህል ኤኮ ጨመርንበት፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገን ለቀቅነው። የስልኩ ማኅደር ስለ ሞላ የመጀመሪያውን ቅጂ አጠፋነው። ከወራት በኋላ ጥናቱን ልንጽፍ ስንቀመጥ ግን አንድ ነገር ገታን። «ይሰጣል» ላልቶ ከሆነ ሰጪው ሙሽራው ራሱ ነው፤ ጠብቆ ከሆነ በሬው ይሰጣል እንጂ ማን እንደሚሰጠው አልተነገረም፤ ከቤተ ሰቡ የጋራ ከብትም ሊወጣ ይችላል። የጥናታችን ጥያቄ ደግሞ በሙሉ «ከፋዩ ማን ነው?» የሚል ነበር። ቪዲዮውን ደጋግመን ሰማነው። ከአራታችን ሁለቱ ጠብቆ ሰማን፤ ሁለቱ ላልቶ ሰማን። ተመልሰን እንዳንጠይቅ ሽማግሌው በመካከሉ ዐርፈው ነበር።

ፊደላችን ጥብቀትንና ላላትን እንደማይለይ ማናችንም እናውቃለን። «ይሰማል»፣ «ይበላል»፣ «ይመታል»፣ «ገና» በጽሑፍ አንድ ሲሆኑ በአፍ ሁለት ናቸው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያልተቀመጠው ልዩነት የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ የለም፤ ድምፁ ራሱ ብቻ ነው። ልዩነቱ በምን እንደሚታወቅ ስንመረምር ደግሞ ያልጠበቅነውን አገኘን። «ጠ» ስትነገር ምላስ አፍን ትዘጋለች፤ ለቅጽበት ምንም ድምፅ አይወጣም፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይፈነዳል። ጠብቃ ስትነገር ይህ የመዘጋት ጊዜ ይረዝማል። እንግዲህ ጆሮ «ይሰጣል» ጠብቆ መነገሩን ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ ዝምታው ነው ማለት ነው። ሌላው ምልክት «ሰ» ናት፤ እርስዋም ስትጠብቅ ፉጨትዋ ይረዝማል።

አሁን እኛ የሠራነውን ሥራ በዚህ መስፈርት እንመዝነው። ኤኮ ማለት ያለፈውን ድምፅ በሚቀጥለው ላይ ማነባበር ነው። የ«ጠ» ዝምታ ከሴኮንድ እጅግ ያነሰች ጊዜ ናት፤ የጨመርነው ኤኮ ግን ከአንድ ሴኮንድ በላይ የሚዘልቅ ስለ ነበረ፣ ከፊት ያለው አናባቢ በዝምታው ውስጥ ገብቶ ሞላው። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳራሹ የሲሚንቶ ወለልና የቆርቆሮ ጣራ ነበረው፤ ጠዋት የሚያነበው ተማሪ ድምፁ ተመልሶ እንዳይውጠው በየሐረጉ እንዲያርፍ ይታዘዝ ነበር። ያን አዳራሽ ስንረግም ኖረን፣ ዛሬ በመሣሪያ ሠርተን በጠራ ድምፅ ላይ መጨመራችን ያስቃል።

ማሲንቆው የባሰ ነበር። ይህን ስንል መሣሪያውን ለመንቀፍ አይደለም። ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ስለ ሆነ ድምፁ አይቋረጥም፤ ክልሉም ከሰው ድምፅ ጋራ አንድ ነው፤ ሊቀኝ የተፈጠረ እንጂ ሌላ ሲናገር ከበታች ሆኖ ሊያዳምጥ የተፈጠረ አይደለም። ክራር በጣት እየተነካ ድምፁ ቶሎ ስለሚረግብ ለቃል ክፍተት ይተዋል። በገና ደግሞ በድምፁ ዝቅታ ለማጀቢያ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን እንዚራ የሚባሉት የቆዳ ቁራጮች ከአውታሮቹ ጋራ ተነካክተው የሚሰጡት ነዘርታ ወደ ላይኛው ክልል ይዘልቃል። የስልክ ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን እጅግ በጥቂቱ ብቻ ስለሚያወጡ፣ በስልክ ሲሰማ የበገናው ጥልቀት ይጠፋና ነዘርታው ብቻ ከተናጋሪው ተነባቢዎች ጋራ ይጋፋል። አብዛኛው ተመልካች በስልክ እንደሚሰማ፣ ያውም በታክሲ ውስጥ ወይም ከምድጃ አጠገብ ቆሞ፣ አቀናባሪው በትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ሲሠራ ይረሳዋል።

ሦስተኛው ጥፋት ከፍ የማድረግ ምኞት ነው፤ ብዙ ሰው የተሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለናል። ቪዲዮው ከሌሎቹ ጎልቶ እንዲሰማ ሲባል በኮምፕሬሰርና በሊሚተር ይጨመቃል። ኮምፕሬሰር ጮክ ያለውን ይጫናል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ከፍ ሲል ዝቅ ብሎ የነበረው የክፍል ሁካታ፣ የማሲንቆው ጭራና የሩቅ ውሻ ጩኸት አብሮ ይነሣል። በ«ጠ» ዝምታ ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው። ሊሚተሩም በተራው የ«ጠ»ን፣ የ«ጨ»ን፣ የ«ቀ»ን ፍንዳታ ጫፍ ይቈርጣል። ፉጨትን የሚቀንሰው መሣሪያ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ «ሰ»ን ያደክማታል። እኛ አራቱንም አድርገናል።

የሚያስቈጨው ይህ ሁሉ ያለ ጥቅም መሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. የድምፅን ጉልህነት ጆሮ እንደሚሰማው አድርጎ የሚለካ ዘዴ አወጣ፤ የአውሮፓ የማሠራጫ ድርጅቶች ኅብረትም በ2010 እ.ኤ.አ. በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ለአባሎቹ −23 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ የሚባለውን ልክ ወሰነ። ዩቲዩብም የራሱ ልክ አለው፤ ከ−14 ገደማ በላይ ጮኾ የመጣውን ዝቅ አድርጎ ያሰማዋል። ስለዚህ በ−8 የተጨመቀ ትረካ ተመልካቹ ዘንድ ሲደርስ በ−14 ከተሠራው የበለጠ አይጮኽም፤ የተቈረጠው የተነባቢ ጫፍ ግን አይመለስም።

ሊቃወሙን የሚችሉትን እናውቃለን። «ያለ ሙዚቃ ትረካ ይደርቃል፤ ሰውም ትቶ ይሄዳል» ይሉናል። ይህ ከንቱ አይደለም፤ እኛም ዜማ የሌለበትን ቪዲዮ ትተን ሄደን እናውቃለን። ነገር ግን ክርክሩ ስለ መኖሩ ሳይሆን ስለ ልኩ ነው። ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተባለው ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ በከፍተኛው ደረጃ፣ ማጀቢያው ከንግግሩ ቢያንስ 20 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል ይጠይቃል፤ ይኸውም በጆሮ ግምት አራት ጊዜ ያህል ጸጥ ያለ ማለት ነው። በ10 ዴሲቤል ልዩነት የተሠራውን ሰምቶ «ግልጽ ነው» የሚል አቀናባሪ ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበ፣ ቃሉን በልቡ የያዘ ሰው ነው። ጆሮው የሚያሟላለትን እንግዳ ሰሚ አያሟላም። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ተወልዶ አማርኛን በቪዲዮ የሚለምድ ልጅ የጎደለውን ከአገባቡ የሚገምትበት ስንቅ ገና የለውም።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለውጠናል። ማይክሮፎኑን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አቅርበን በትንሹ ወደ ጎን እናዞረዋለን፤ የሚያስተጋባ ክፍል ከሆነ በግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። ይህ ቀላል ነገር በኋላ ከምንገዛው መሣሪያ ሁሉ የበለጠ ጠቅሞናል። በቅንብር ጊዜ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ እንቈርጣለን፤ ኮምፕሬሰሩን ከሁለት ለአንድ ወይም ከሦስት ለአንድ አናሳልፍም። ከማጀቢያው ውስጥ ተነባቢዎች የሚለዩበትን ከ2000 እስከ 4000 ሄርዝ ያለውን ዝቅ እናደርጋለን፤ ተናጋሪው ማስረጃ በሚሰጥበት ቦታ ግን ሙዚቃውን ጨርሶ እናወጣዋለን። ጠቅላላውን ወደ −14፣ ጫፉንም ከ−1 ዴሲቤል እንዳያልፍ እንተወዋለን። በመጨረሻም በስልክ፣ በአንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ፣ ንግግሩን ከዚህ በፊት ላልሰማ ጓደኛ አሰምተን የሰማውን እንዲጽፍልን እንጠይቃለን። «ይሰጣል» ሲመጣ ጠብቆ ወይም ላልቶ ብሎ በጎን ያመለክታል፤ ካመነታ ሥራው ወደ ጠረጴዛ ይመለሳል።

ያልተነካውን ቅጂ ዛሬ በሁለት ቦታ እናስቀምጣለን። የሽማግሌው ቃል ግን በጥናታችን ውስጥ ከነሁለት ፍቺው ገብቷል፤ ከሥሩም ጥርጣሬው ከተናጋሪው ሳይሆን ከቀጂዎቹ የመጣ መሆኑን ጽፈናል።