ሲመለስ የተመታ ውሻ

በልጅነቴ ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረን። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። አንዳንድ ቀን የግቢው በር ገርበብ ብሎ ካገኘው ሹልክ ብሎ ይወጣና ሰፈሩን ሲያካልል ያመሻል። እኔ በር ላይ ቆሜ «ቡቺ! ቡቺ!» እያልኩ እጣራለሁ። ይመጣል። ጆሮውን ወደኋላ አስተኝቶ፣ ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ልክ እግሬ ሥር ሲደርስ በመጥረጊያ እንጨት አቀምሰዋለሁ። «ሁለተኛ ትወጣለህ? ትወጣለህ?»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። «አትውጣ» እያልኩ የማስተምረው ይመስለኝ ነበር። እየነገርኩት የነበረው ግን «አትመለስ» ነው። ይህን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አንድ መጽሐፍ ይዤ አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ።

መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ካረን ፕራየር እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመችው ነው። ርዕሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ውሻውን አትተኩሱበት!» እንደማለት ነው። በዓለም ላይ ካሉ የውሻ አሠልጣኞች ብዙዎቹ እንደ መጀመሪያ መማሪያቸው ይቆጥሩታል። የሚገርመው ግን መጽሐፉ በዋናነት ስለ ውሻ አለመሆኑ ነው። ስለሚጮሁ ልጆች፣ የቆሸሸ ልብሱን የትም ስለሚጥል የቤት ተጋሪ፣ ስለ ሰነፍ ሠራተኛ፣ ስለ ተቆጪ ሾፌር ያወራል፤ ውሻው በየመሀሉ ብቅ ይላል። እኔ እንደሚገባኝ ከሁሉም በላይ የሚያወራው ዱላ ስለያዘው ሰው ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ፕራየር ሙያውን የተማረችው ከውሻ ጋር አይደለም። በ1960ዎቹ ሃዋይ ውስጥ ሲ ላይፍ ፓርክ በሚባል ቦታ ዶልፊኖችን ታሠለጥን ነበር። ዶልፊንን በልጓም አትይዘውም፣ በሰንሰለት አታስረውም። በጥፊ ልትለው ብትሞክርም ዋኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ አሠልጣኙ የቀረችው አንዲት መንገድ ብቻ ናት፤ የሚፈልገውን ነገር እስኪያደርግ ጠብቆ፣ ባደረገበት ቅጽበት ዓሣ መስጠት። ዶልፊኑ አየር ላይ ተገልብጦ ሳለ ዓሣ ማጉረስ ስለማይቻል ፊሽካ ይነፋለታል። ፊሽካው «አዎ፣ ይቺን ነው ያልኩህ፤ ዓሣህ እየመጣ ነው» ማለት ነው። ይህች ፊሽካ ናት በኋላ በውሻ አሠልጣኞች እጅ «ቀጭ» የምትል ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ የሆነችው።

ዘዴው ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ የሚያሳይ ሥራም አላት። እ.ኤ.አ. በ1969 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት ዶልፊኖቹ የሚሸለሙት ከዚያ በፊት ሠርተውት የማያውቁትን አዲስ ነገር ሲያደርጉ ብቻ ነበር። እንስሳቱ የሚፈለገው አዲስ ነገር መሆኑን ከያዙ በኋላ ማንም ያላስተማራቸውን እንቅስቃሴ እየፈጠሩ ማምጣት ጀመሩ። እዚህ ጋ ቆም ብዬ የትምህርት ቤት ዘመኔን አሰብኩ። ለአዲስ ሐሳብ የተሸለምኩበት ቀን አልመጣልኝም፤ «ማን ጠየቀሽ?» የተባልኩበት ቀን ግን ብዙ ነው።

የመጽሐፉ ዋና ቃል በእኛ የሥነ ልቦና መማሪያዎች «ማጠናከሪያ» ይባላል። ቃሉ ለፈተና ይሆናል፤ ለኑሮ ግን ይከብዳል። ተማሪ ሆነን «አሉታዊ ማጠናከሪያ»ን ከቅጣት ጋር ያላምታታን ጥቂት ነን። እኔ ብተረጉመው «ጉርሻ» እል ነበር። ጉርሻ ትክክለኛ ሰዓት ያውቃል። ማዕድ ላይ እጅ ተዘርግቶ አፍ ሲከፈት እንጂ ነገ አይሰጥም። አስተናጋጅም ጉርሻ የሚያገኘው ካስተናገደ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተሰጠው ሌላ ስም አለው፤ ጉቦ ይባላል። ፕራየር ብዙ ገጽ የፈጀችበትን የሽልማትና የመደለያ ልዩነት አማርኛችን በሁለት ቃል ይዞታል።

ችግሩ አማርኛችን ሌላም ቃል መያዙ ነው፤ «ማሞላቀቅ»። እንስሳም ሆነ ልጅ ሳይመታ ከተማረ ሞልቋል እንላለን። ሥርዓት የሌለውን ሰው ስንሰድብ «ስድ አደግ» እንላለን። ስድ የተለቀቀ፣ ያልታሰረ ማለት ነው። ከስድቡ ሥር ሰንሰለቱ ይታየኛል። በሌላ በኩል ደግሞ «መግራት» የሚል ውብ ግሥ አለን። በሬ ይገራል፣ ፈረስ ይገራል፣ ስሜት ይገራል። ከአጠገቡ ደግሞ «ገር»፣ «ገራም»፣ «ገራገር» የሚሉ ቃላት በድምፅ ይጎራበቱታል። ፕራየርን ሳነብ የምትናገረው ስለዚህ መግራት እንደሆነ ተሰማኝ።

የመጽሐፉ ልብ ያለው አንድ የማይፈለግ ድርጊት እንዴት እንደሚተው በሚያወራው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ስምንት መንገዶች አሉ ትላለች፤ ከስምንቱ ውጭ የለም። አንደኛ፣ እንስሳውን ተኩሰህ ግደለው። ሁለተኛ፣ ቅጣው። ሦስተኛ፣ የማይመቸውን ነገር አምጣበት፤ የፈለግከውን ሲያደርግ አንሳለት። አራተኛ፣ ዝም በለው፤ ምንም ካላገኘበት ይተወዋል። አምስተኛ፣ ከዚያ ድርጊት ጋር አብሮ ሊሆን የማይችል ሌላ ነገር አስተምረው። ስድስተኛ፣ ድርጊቱን በትእዛዝ ብቻ እንዲያደርገው አስለምደውና ትእዛዙን አትስጠው። ሰባተኛ፣ ከዚያ መጥፎ ድርጊት በቀር ሌላ የሚያደርገውን ሁሉ ሸልም። ስምንተኛ፣ ምክንያቱን ቀይርለት፤ ርቦት ከሆነ አብላው።

የመጀመሪያዎቹን አራቱን ክፉ፣ የቀሩትን አራቱን ደግ ጠንቋዮች አድርጋ ትስላቸዋለች። አንደኛው መንገድ ቀልድ ነው። ሁልጊዜ ይሠራል ትለናለች፤ የሞተ ውሻ አይጮህም። የቤት ተጋሪው ላይ ሲደርስ «መግደል» ማለት ሌላ ሰው መፈለግ ይሆናል። ሳነበው ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ መሀል ላይ ቆመ፤ ምክንያቱም እኛ ሰፈር አንደኛው መንገድ ቀልድ አልነበረም።

አንድ ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ እብድ ውሻ ታየ ተባለ። የተመረዘ ሥጋ ሊጣል ነው፣ ውሻ ያለው ይሰር የሚል ወሬ ቤት ለቤት ዞረ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ገዳይ ነው፤ ሰውን የሚይዘውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ልጅ ያለው ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። የዚያን ዕለት ማታ ግን ቡቺ ውጭ ነበር።

ወጥቼ ተጣራሁ። ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ አየሁት። እሱም አየኝ። ጭራውን ዝቅ አድርጎ ቆላ ቆላ አደረገ። እጄ ላይ ምንም አልነበረም፤ እሱ ግን ተጠርቶ በመጣ ቁጥር ምን እንደሚጠብቀው በደንብ ያውቃል። አስተምሬዋለሁ። ፊቱን አዞረና በጨለማው ውስጥ ሄደ። ጠዋት ቦዩ ዳር ከሌሎች ውሾች ጋር ተዘርግቶ አገኘነው። «ደመ ከልብ» የሚለው አነጋገር ከየት እንደመጣ ያን ቀን ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

ስለዚህ መጽሐፉን ከጥፋተኝነት ነፃ ሆኜ ልተቸው አልችልም። ግን መተቸት አለብኝ።

ፕራየር ስለ ቅጣት ከጻፈችው ሁሉ ስለታሙ ሐሳብ ይህ ነው፤ ቅጣት የሚሸልመው ቀጪውን ነው። ውሻው ለጊዜው ዝም ይላል፤ የመታው ሰው ደግሞ «ሠራ!» ብሎ ይረካል፤ የበላይነቱም ይሰማዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜም ይመታል። በዱላው የሚሠለጥነው እጁ ነው። ዱላ ለምን ይህን ያህል ዘመን እንደቆየ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላነበብኩም። ግን ደራሲዋ ይህን ካለች በኋላ ቶሎ ታልፋለች፤ እኔ ደግሞ እንድትቆይበት ፈልጌ ነበር። በእሷ ገጾች ላይ ያሉት ሁለት ናቸው፤ አሠልጣኝና ሠልጣኝ። በእኛ ግቢ ግን ሦስተኛ ሰው አለ፤ ጎረቤት። ቡቺ የሰው ዶሮ አባሮ፣ ልጅ አስደንግጦ ሲመለስ ሁሉም ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል። እኔ የምመታው «እኛ ስድ ውሻ አናሳድግም» ለማለት ነው። መልእክቱ ለጎረቤት ነው፤ የሚያርፈው ግን የውሻው ጀርባ ላይ ነው። ብዙ ልጆችም በእንግዳ ፊት የሚቆነጠጡት በዚሁ ሒሳብ ይመስለኛል። ይህን ሦስተኛ ሰው ያልቆጠረ ዘዴ እኛ ሰፈር በሁለተኛው ቀን ይቆማል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዶልፊን ወደ ሰው የምትዘልበት ፍጥነት ነው። የዘዴው ክብር ከየት መጣ? እንስሳው መሄድ ይችላል ከሚለው ነው። ዶልፊኑ ካልፈለገ ይሄዳል፤ ስለዚህ አሠልጣኙ ማስገደድ አይችልም። ጥሩ። ግን ዶልፊኑ የሚሄደው የገንዳው ግድግዳ ድረስ ነው። ዓሣውም ያለው በአሠልጣኙ ባልዲ ውስጥ ነው። ደመወዙን የሚጠብቅ ሠራተኛም፣ ወላጁ ቤት ያለ ልጅም እንደዚያው ገንዳ ውስጥ ነው። በጉርሻ የሚመራ ሰው በዱላ ከሚመራው ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የሚፈለገውን ድርጊት ማን ይወስናል? ስልካችን ላይ ያለው ነገር ሁሉ በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ትንሽ ሽልማት፣ አንዴ ይሰጣል፣ አንዴ ይከለከላል፤ እኛም ሌሊቱን ሙሉ እየጎተትን እናድራለን። ማንም አልመታንም። ጉርሻም ሰንሰለት ይወጣዋል።

ይህን ሁሉ ብዬም መጽሐፉን ለሰው እያዋስኩ ነው። ምክንያቱም ከቁጣ ይልቅ ጥያቄ ያስለምዳል፦ ይህ እንስሳ ከዚህ ድርጊት ምን እያገኘ ነው? አሁን ያለችን ውሻ ሌሊት መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ትጮህ ነበር። በአራተኛው መንገድ ሞከርኩ፤ ዝም አልኳት። ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ እንጂ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ገባኝ። እኔ ዝም ብላትም መንገደኛው ይሸልማታል። ትጮሃለች፣ ሰውዬው ይሄዳል። እሱ ድሮም ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፤ እሷ ግን እኔ አባረርኩት ትላለች። በየሌሊቱ ታሸንፋለች! ይህች ናት ያቺ በፈተና ላይ የምታምታታን «አሉታዊ ማጠናከሪያ»። ወደ አምስተኛው ተሻገርኩ። ፕራየር ውሻ ተኝቶ መጮህ ብዙም አይሆንለትም ትላለች። ስትጮህ ጠርቼ በረንዳው ላይ ባለው ጆንያዋ ላይ ማስተኛት፣ ስትተኛ ማጉረስ። ጩኸቱ አልጠፋም፤ እንዲጠፋም አልፈለግኩም። ውሻ በበላበት ይጮሃል፣ ሥራዋ ነው። አሁን ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ጮሃ ወደ ጆንያዋ ትሄዳለች።

ሲጠሯት መምጣትን ግን ከሁሉ አስቀድሜ ነው ያስተማርኳት። እንደ ጣት ጫፍ ያነሰ የተቀቀለ ጉበት፤ በጠራኋት ቁጥር፣ በመጣች ቁጥር። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ በር ላይ፣ ቀጥሎ ውጭ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ አገኘችውና ወጣች። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠፋች። በር ላይ ቆሜ እጣራለሁ፤ ጎረቤታችን እትዬ ደጃቸው ላይ ቆመው ያያሉ። በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ፣ ጭቃ ለብሳ፣ አየኋት። ጠራኋት። ቆም አለች። ከዚያ እየሮጠች መጣች፤ እግሬ ሥር ደረሰች።

እጄ ተነሣ። እውነቱን ልናገር፤ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት መጽሐፍ፣ የጻፍኩት ማስታወሻ፣ ሁሉም እያለ እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ተነሣ። የተማረውን አልረሳም። አየር ላይ ያዝኩትና ወደ ኪሴ መለስኩት። ጉበቱን አውጥቼ አጎረስኳት።

«ምነው ልጄ፣» አሉ እትዬ ከማዶ፣ «ጠፍታ መጥታ ጭራሽ ሥጋ ትሰጪያታለሽ?»

«መጥታለች እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።