ከተሽከርካሪ ወደ ተሽከርካሪ

መኪና መግዛት በእኛ አገር የግል ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው “መኪና ልገዛ ነው” ብሎ አፉን የከፈተ ቀን ሰፈሩ በሙሉ መካኒክ ይሆናል። ጎረቤት ቡና ላይ “ቪትዝ ይሻላል፤ ዕቃዋ እንደ ሽንኩርት በየሱቁ ነው” ይላል። “ማን ነበር የነዳት? ሴት የያዘቻት ከሆነች ዓይንህን ሳታሽ ግዛት” የሚልም አይጠፋም። መኪና ኖሮት የማያውቀው ሁሉ የሚመክረው አያጣም።

እናላችሁ፣ የእህቴ ልጅ መኪና ልትገዛ ተነሣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ገንዘቡ ከዕቁብ፣ ከቁጠባና ወንድሟ ከአሜሪካ ከላከላት ተሰባስቧል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከደረሰባት የመኪና አደጋ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው።

ይኼን ስታነቡ “ውይ!” ያላችሁ ትኖራላችሁ። አይፈረድባችሁም። ግን እሷን “ውይ!” ውስጡን ስንፈትሸው ብዙ ነገር ይወጣዋልና፣ ለጊዜው ያዝ አድርጓት።

መጀመሪያ የተነሣችባት እናቷ ናት። “እግርሽን የበላው እኮ እሱ ነው! ደግሞ በገንዘብሽ ልትገዢው?” አለቻት። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? “እማዬ፣ የጎዳኝ ሚኒባስ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ደግሞ እየለመንኩ የምሳፈረው እሱኑ ነው።” እህቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔም መናገሪያ አጣሁ።

እውነቷን ነበር። ረዳቱ ወንበሯን ሲያይ ባዶው ታክሲ ድንገት “ሞልቷል” ይሆናል። ደግ ረዳት ከተገኘ “ወንበሩም ይከፍላል” ይባላል፤ ሰው እግሩን አጣጥፎ ስለተቀመጠ ተጨማሪ ሒሳብ አይጠየቅም፣ እሷ ግን እግሯን አጣጥፋ ስለጫነች ትጠየቃለች። በስልክ የሚጠራው ታክሲ የደመወዟን ግማሽ ይበላል። ሌላው ምርጫ እኔን ወይም ጎረቤትን መለመን ነው። ምሥጋና በየቀኑ ሲከፈል ከቤት ኪራይ ይብሳል።

ለአማካሪነት የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ማዕረጌም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቮልስ መንዳቴ ነው። እናም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷ በወንበሯ፣ እኔ በእውቀቴ ተኮፍሰን መኪና ወደሚሸጥበት ሄድን።

ደላላው ገና ከሩቅ “ጋሼ፣ ምን ዓይነት ነው የፈለጉት?” አለኝ። “ለእሷ ነው” አልኩት። “እሺ… ማን ነው የሚነዳላት?” አለ፣ አሁንም እኔኑ። እሷ እኮ አጠገቤ ናት! ጆሮዋ አልተጎዳም፣ ምላሷም ቢሆን እናንተ አታውቁትም እንጂ እንኳን ሊጎዳ… ብቻ ተዉት። በዚያን ቀን ካነጋገርናቸው ሰዎች አብዛኞቹ የእሷን ጥያቄ የመለሱት ለእኔ ነው። የሚያሳፍረው እኔም እንደ አስተርጓሚ ሆኜ መመለሴ ነው። አንዱ “ቀለሙስ ምን ይሁንላት?” ሲለኝ “ነጭ ብትሆን…” ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብላ አየችኝ። “ጋሼ፣ ነጭ እንደምጠላ አታውቅም?” አለችኝ። አላውቅም ነበር። ስምንት ዓመት ስሸከማት የምትወደውን ቀለም ጠይቄያት አላውቅም።

ቀጥሎ ምክሬን ለገስኩ። “ከፍ ያለ፣ ጠንካራ፣ ሰፊ መኪና ይሁን። የአዲስ አበባን መንገድ ታውቂዋለሽ” አልኩ። ደላላውም “ጋሼ ያውቃሉ!” ብሎ አንድ ግዙፍ መኪና አቀረበ። እሷ ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች። የወንበሯን መቀመጫ ለካች፣ የመኪናውን መቀመጫ ለካች። ከዚያ በደላላው ፊት “ና እስቲ ጋሼ፣ እዚህ ተቀመጥ” አለችኝ። እሷ ወደ አንድ አግዳሚ ተሸጋግራ እኔን ወንበሯ ላይ አስቀመጠችኝና “በል ግባ። እግርህን እንዳትጠቀም” አለች።

ምን ልበላችሁ! በሁለት እጄ የበሩን ጠርዝ ይዤ ተነሣሁ፤ ማለቴ ለመነሣት አሰብኩ። ቦርጬ ተነሣ፣ እኔ ቀረሁ። ተመልካቹ ሳቀ። “አየህ” አለችኝ፣ “አንተ የመረጥክልኝ ደረጃ ነው።”

በኋላ ያስረዳችኝን ላካፍላችሁ፤ ለሌላ ወጣት ይጠቅም ይሆናል። የመኪናው መቀመጫ ከወንበሩ መቀመጫ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ቢሆን መልካም ነው። በጣም ዝቅ ካለ መግባቱ መንሸራተት ነው፣ መውጣቱ ግን ከጉድጓድ መውጣት ይሆናል። በሩ በደንብ መከፈት አለበት። ባለ ሁለት በር መኪና የፊት በሩ ረዥም ስለሆነ ይመቻል፣ ገበያው ላይ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ሌላው ጥያቄ ወንበሩ የት ይገባል የሚለው ነው። “ኮፈን ውስጥ” ብዬ ነበር። “ኮፈን ውስጥ የሚከተው ማን ነው? ከገባሁ በኋላ ወርጄ ልክተተው?” አለች። መልስ አልነበረኝም። ወንበሯ ጎማዎቹ ይወልቃሉ። ሹፌሩ ቦታ ላይ ተቀምጣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ አጽሙን በደረቷ አሳልፋ አጠገቧ ባለው መቀመጫ ላይ ታስቀምጣለች። ስለዚህ በደረቷና በመሪው መሐል ወንበሩን የሚያሳልፍ ክፍተት መኖሩንም ለካች። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ መኪና በደረቴ ለክቼ አላውቅም።

ማርሹ አውቶማቲክ መሆን አለበት፤ ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር የለማ። ነዳጅና ፍሬኑ በእጅ ይሆናል። ከመሪው ሥር አንድ ዘንግ ይገጠማል፣ ወደ ፊት ሲገፋ ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ራስ ሲሳብ ነዳጅ ይሰጣል። ሌላው እጅ መሪው ላይ በተገጠመች ጉብ ያለች መያዣ ያዞራል። የእግሩ ፔዳል ስለማይነሣ እኔም ብሆን ልነዳት እችላለሁ። ይኼ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1921 እ.ኤ.አ. በያዘው ሕመም እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ በእጅ ብቻ የምትነዳ ፎርድ ነበረችው፤ የ1936 ሥሪት ናት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ዘንጓ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗታል፣ እኛ ግን ዛሬም ስናያት “ይኼ ደግሞ ምንድነው?” እንላለን።

አንድ ባለ ጋራዥ “ምን ያስቸግራል? በቱቦ ብረት በይጄ እሠራልሻለሁ” ብሏት ነበር። “በፍሬን ላይ አይሞከርም” ብላ ተሰናበተችው። ወንድሟ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ሙሉ ዕቃውን ላከላት፣ የታመነ መካኒክም ገጠመላት።

የኤሌክትሪክ መኪናም አስባ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ከተማው የቻይናዎቹን መኪኖች ለምዷል። ለእሷ ደግሞ ማርሽ መቀየር የለም፣ ማደያ ወረፋ የለም። ነገር ግን ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ እስከ ቤቷ ገመድ የምትዘረጋበት አላገኘችም፣ ዋጋውም ከኪሷ በላይ ሆነባት። ዞራ ዞራ ወደዚያችው ሰፈሩ ወደመከራት ቪትዝ ተመለሰች። ሰፈር አንዳንዴ ይሳካለታል። ቀለሟ ሰማያዊ ነው።

በመሐል አንድ ጉድ ገጥሞናል። ጥሩ የለበሰ ሰው ወደ ጎን ጠራኝ። “ጋሼ፣ ልጅቷን እግዜር ነው የላከልዎ! አካል ጉዳተኞች ከቀረጥ ነፃ መኪና ያስገባሉ። በስሟ እናስገባ፣ መኪናው ለእኔ ይሁን፣ ለእሷ ዳጎስ ያለ አስባለሁ” አለኝ። እንግዲህ አስቡት። ታክሲ ላይ “ሸክም” የተባለው ወንበር፣ ቀረጥ ላይ ሲደርስ “ሀብት” ሆነ። ነገሩን ሰምታ ኖሮ ሰውየውን ጠራችው። “ወንድሜ፣ ስሜን ብቻ ከምትወስድ ወንበሩንም ጨምረህ ውሰድ፣ ስምንት ዓመትም ተቀመጥበት። ዋጋ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን” አለችው። ላብ በላብ ሆኖ ሄደ። ለተቸገረ የተሰጠን መብት ላልተቸገረ መነገጃ ያደረገ ሰው፣ የሚሰርቀው ከመንግሥት ካዝና ብቻ አይደለም። ነገ እውነተኛዋ ባለ መብት ስትመጣ “አንቺም ለማን ልትሸጪው ነው?” ያስብላል።

መንዳት መማሩም የራሱ ታሪክ አለው። የሄደችበት ማሠልጠኛ በእጅ የሚነዳ መኪና አልነበረውም፣ በራሷ መኪና ተማረች። አስተማሪው ልማድ ሆኖበት ጠዋት ጠዋት “ፍሪሲዮኑን ርገጪ!” ይላታል አሉ። እሷም “በምኔ?” ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን እሱም መሳቅ ጀመረ። በሳምንቱ ዘንጓን ራሱ እየሞከረ “ይኼ ነገር ለእኔም ይሻለኛል” ብሏል።

አሁን ያቺን “ውይ!” አምጧት።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ በድርሰቶቻችን ውስጥ እግሩ የማይሄድ ሰው ምን ሲሠራ ይገኛል ብዬ ተማሪዎቼን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ሳስበው፣ በትዝታዬ የሚመጡልኝ ወይ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠው የባለ ታሪኩን ደግነት የሚያስመሰክሩ፣ ወይ በመጨረሻው ምዕራፍ በተአምር የሚድኑ፣ ወይም ሞተው እኛን የሚያስለቅሱ ናቸው። ዕቁብ የሚጥል፣ ከደላላ ጋር የሚከራከር፣ ነጭ ቀለም የሚጠላ አንድም አይመጣልኝም። “ውይ!” ማለት ሰውየውን መጨረሻው ምዕራፍ ላይ አስቀምጦ መጽሐፉን መዝጋት ነው። ልጅቷ ግን ገና መሐል ላይ ናት፣ ነገ ሥራ ትገባለች።

ቋንቋችን እንኳ ከእኛ ይሻላል። መኪናም “ተሽከርካሪ” ነው፣ ወንበሯም “ተሽከርካሪ” ነው። አማርኛ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላደረገም፤ ልዩነቱን ያደረግነው እኛ፣ ደረጃ የምንሠራው ነን።

ደረጃን ካነሣን ሕጉ የለም እንዳይባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ከዚያ ወዲህ የተሠራ አንድ ፎቅ ላይ ሰሞኑን ሄደን ነበር። መወጣጫ አለው፣ ግን እንደ ዝንጀሮ ገደል ቀጥ ያለ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። የኛው መሐንዲስ ሦስት ሜትር ሰጥቶ ቀሪውን ለጸሎት የተወው ይመስላል። በጎኑ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበታል። መኪና ማቆሚያው ምድር ቤት ነው፣ ሊፍቱ ግን የሚጀምረው ከአንደኛ ፎቅ ነው! መኪናው የገዛላትን ነፃነት ሕንፃው በር ላይ ይቀበላታል ማለት ነው። ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች በከተማችን መታየት መጀመራቸው ደግ ነገር ነው፤ ግን መንገዱ የሚያደርሰን ወደ ሕንፃ አይደለምን?

እኛ ሾፌሮችም አንቀርም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ከቪትዟ በር ሁለት ስንዝር ርቆ አቁሞ ሄደ። እኛ ብንሆን ሆዳችንን ስበን ሾልከን እንገባለን። እሷ ወንበሩን አስጠግታ በሩን ካልከፈተች መግባት አትችልም፤ አርባ ደቂቃ ጠበቀችው። ሰውየው መጥቶ ሲያያት ምን አለ? “ውይ!” አለ። ያን ዕለት የሚያስፈልጋት አንድ ሜትር ቦታ ነበር።

በመጀመሪያው ወር አንድ ማታ ከለቅሶ ቤት ስንወጣ ዘበኛው መብራቱን ወደ መኪናዋ አበራና “ሹፌሩስ የታለ?” አለኝ። ይኼን ጊዜ እንኳ ልመልስ አልሞከርኩም። ዝም ብዬ ወደ እሷ አየሁ። “እኔ ነኝ” አለችው። ጎማዎቹን ነቀለች፣ በደረቷ አሳለፈች፣ ቀበቶዋን አሰረች። እናቷ ከኋላ መቁጠሪያዋን ይዛ “ቀስ በይ፣ ቀስ በይ” ትላለች፤ መኪናው ገና አልተንቀሳቀሰም። እኔም ከእህቴ አጠገብ ገባሁ። የፊቱ ቦታ የወንበሩ ነውና።

መንገድ ስትጀምር በመስታወቱ አየችኝና “ጋሼ፣ አንተን የት ልጣልህ?” አለችኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ይኼን ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ቮልሴ ጋራዥ ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፣ ነገም መሄጃ አለኝ። ከአሁኑ መለማመጥ ሳይኖርብኝ አይቀርም።