እዚህ ማን ይጠብቀኛል?

አሜሪካ ውስጥ የማስተምራቸው ሠልጣኝ አብራሪዎች የአየር ክልል ምድቦችን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ይሸመድዷቸዋል። ከ18,000 ጫማ ጀምሮ አልፋ፣ በታላላቆቹ ኤርፖርቶች ዙሪያ ብራቮ፣ ቀጥሎ ቻርሊ፣ ዴልታ፣ ኤኮ፣ ጎልፍ። ለፈተናው ይበቃል። አየር ላይ ግን ሽምደዳው ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አስይዣቸዋለሁ፦ እዚህ ቦታ ከሌላ አውሮፕላን ጋር እንዳልጋጭ የሚጠብቀኝ ማን ነው?

ብራቮ ውስጥ ተቆጣጣሪው ሁሉንም ያራርቃል፤ በዓይን እያየች የምትበረውን ትንሿን ሴስናም ጭምር። በመሆኑም ያለ ግልጽ ፈቃድ አይገባም። መለያችሁን ጠርቶ ቢያናግራችሁ እንኳ አይበቃም፤ ወደ ብራቮ እንድትገቡ መፍቀዱን በጆሯችሁ ስሙ። ቻርሊ ላይ ሕጉ ይላላል። ተቆጣጣሪው መለያችሁን ጠርቶ «ጠብቁ» ካላችሁ ግንኙነት ተፈጥሯልና መግባት ትችላላችሁ። መለያችሁን ሳይጠራ «ጠብቁ» ካለ ግን ከክልሉ ውጭ ቆዩ።

የብራቮ ጥብቅነት በሰው ሕይወት የተከፈለበት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1986 አንዲት ትንሽ ፓይፐር አውሮፕላን ያለ ፈቃድ ወደ ሎስ አንጀለስ ቁጥጥር ክልል (ዛሬ ብራቮ ወደምንለው) ገብታ በሴሪቶስ ከተማ ሰማይ ላይ ከኤሮሜክሲኮ ዲሲ-9 ጋር ተጋጨች። መሬት ላይ የነበሩትን 15 ሰዎች ጨምሮ 82 ሰው አለቀ። የፓይፐሯ ትራንስፖንደር (ለራዳር ምላሽ የሚሰጠው መሣሪያ) ከፍታዋን አያስተላልፍም ነበር። ዛሬ በብራቮ ኤርፖርቶች ዙሪያ በ30 ኖቲካል ማይል ውስጥ ከፍታ የሚያስተላልፍ ትራንስፖንደር ግዴታ ነው።

የደመናው ሕግም በዚሁ ጥያቄ ይፈታል። ብራቮ ውስጥ ተቆጣጣሪው ስለሚጠብቃችሁ ደመና ውስጥ አለመግባት ይበቃል። ኤኮ ላይ ግን በዓይን ለሚበር ሰው ጠባቂው የራሱ ዓይን ብቻ ነው። ከ10,000 ጫማ በታች ከደመናው 500 ጫማ ዝቅ፣ 1,000 ጫማ ከፍ፣ ወደ ጎን 2,000 ጫማ ራቅ የሚባለው፣ በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን ከደመናው ድንገት ሲወጣ ሁለቱም ተያይተው ለመሸሽ ፋታ እንዲያገኙ ነው። ይህን የተረዳ ሠልጣኝ ቁጥሩን አይረሳም።

ሌላ አገር ልትበሩ ካሰባችሁ ደግሞ አደራ፣ የዚያን አገር የበረራ መረጃ መጽሐፍ አስቀድማችሁ አንብቡ። በዓለም አቀፉ ደንብ ቻርሊም ዴልታም ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የአሜሪካው «መለያዬን ጠርቷል፣ ልግባ» እዚያ አይሠራም።