አንድ መድኃኒት በሁለት ሚዛን

ሜልዶኒየም በላትቪያ የተሠራ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ለልብ የደም ሥር መጥበብ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ በስፖርት ከልክሎታል። ስቴሮይድ ባይሆንም፣ የስፖርት መገናኛ ብዙኃን ለአበረታች መድኃኒቶች የሚጠቀሙበትን ሚዛን ለመፈተሽ ጥሩ ናሙና ነው፤ በተከለከለበት በዚያው ዓመት የተለያየ ዝናና አቅም ያላቸውን ስፖርተኞች ይዟልና።

የቴኒስ ተጫዋቿ ማሪያ ሻራፖቫ በአውስትራሊያ ውድድር ላይ በሰጠችው ናሙና መድኃኒቱ ተገኘባት። የሁለት ዓመት ቅጣቷ በይግባኝ ወደ 15 ወራት ተቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 በልዩ ግብዣ ወደ ሜዳ ስትመለስ ዘገባው በአመዛኙ ስለ መመለሷ ሆነ። በዚሁ መድኃኒት የተከሰሰ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በኢትዮጵያ ተወልዳ ለስዊድን ትሮጥ የነበረችው የ2013 የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን አበባ አረጋዊም እ.ኤ.አ. በ2016 ታግዳ ነበር። በሰውነቷ የተገኘው መጠን አነስተኛ በመሆኑ መድኃኒቱ ከክልከላው በፊት የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል፣ እግዱ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ተነሥቷል። የመታገዷን ዜና የሰማ አድማጭ ሁሉ የእግዱን መነሣት ሰምቶ ይሆን?

የቅጣት ልዩነት ሁሉ አድልዎ አይደለም። የተገኘው መጠን፣ የማስረጃው ጥራትና የየአገሩ ሕግ ይለያያሉ፤ በኢትዮጵያ አበረታች መድኃኒት መጠቀም በወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። ሊተች የሚገባው ዘገባው ነው፤ ለአንዱ ሐኪሙ፣ ጠበቃውና ምክንያቱ በዝርዝር ሲተረኩለት፣ ሌላው በአንድ አረፍተ ነገር ወንጀለኛ ተብሎ ይታለፋል።

ይህ አመል አዲስ አይደለም። ካናዳዊው ሯጭ ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ስታኖዞሎል ስለተገኘበት ሜዳልያውን ተነጥቆ ስሙ የማታለል ምሳሌ ሆኖ ቀረ። ከአሥር ዓመት በኋላ አሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች ማርክ ማግዋየር 70 ጊዜ ሆም ራን መትቶ ክብረ ወሰን በሰበረበት ወቅት፣ በመልበሻ ክፍሉ አንድሮስቴንዲዮን የተባለ የስቴሮይድ ሆርሞን ጠርሙስ ታይቶ ነበር። ንጥረ ነገሩ በኦሊምፒክ የተከለከለ፣ በቤዝቦል ግን የተፈቀደ ስለነበር፣ ወቀሳው በተጫዋቹ ፈንታ ነገሩን በዘገበው ጋዜጠኛ ላይ በረታ። ማግዋየር ስቴሮይድ መጠቀሙን ያመነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሚዛኑን የወሰነው ሊጉ እንጂ የንጥረ ነገሩ ባሕርይ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር የምርመራ ሥርዓታቸው አሳሳቢ ነው ከተባሉ አምስት አገሮች አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት በሪዮ ኦሊምፒክ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ሮጣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ አንዳንድ የውጭ ዘጋቢዎች ያለ ምርመራ ውጤት ጥርጣሬን ከድሉ ጋር አያይዘው አቀረቡ። የአገር ሥርዓት ደካማ መሆን በአንዲት ግለሰብ ላይ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የአገር ውስጥ ዘገባም ከዚህ ጉድለት ነፃ አይደለም፤ እርሱ ደግሞ ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። ፖል ፖግባ እ.ኤ.አ. በ2023 ለቴስቶስቴሮን በተደረገ ምርመራ ተገኝቶበት አራት ዓመት ሲታገድና ቅጣቱ በ2024 ወደ 18 ወራት ሲወርድ፣ በስፖርት ፕሮግራሞች የጦፈው ክርክር ወደየትኛው ክለብ ይሄዳል የሚለው ነበር። ተጠርጣሪው ኢትዮጵያዊ ሯጭ ሲሆን ግን ወይ ዝምታ ይሰፍናል፣ ወይም «የደጋ ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ደሙ በተፈጥሮው የበለፀገ ነው» የሚል መከላከያ ይቀርባል።

ይህ መከላከያ በሳይንስ ፊት አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል አቅራቢያ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ጋይንት ወይም ፋርጣ መወለድ ብቻውን ላልተለመደ የደም ውጤት ማብራሪያ አይሆንም፤ በዚያው ልክ የጥፋተኝነት ምልክትም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአትሌቲክስ የሚሠራበት የደም ፓስፖርት እያንዳንዱን ሯጭ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር የሚያነጻጽረው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘገባው ጉድለት የጤና ባለሙያውን የሚነካው በምርመራ ክፍል ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ወጣቶች ወደ ጉና በሚያመራው ደጋ ይሮጣሉ፤ ማታ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ይከታተላሉ። ከዘገባው የሚማሩት፣ አበረታች መድኃኒት ለታዋቂ ተጫዋች የጥቂት ወራት ዕረፍት፣ ለድሃ ሯጭ ግን የማይለቅ ነውር መሆኑን ነው። ነውር የተደረገ ነገር ይደበቃል። ጉልበቱ ያበጠ ሯጭ የወሰደውን መርፌ ካልተናገረ፣ ሐኪሙ የኢሪትሮፖይቲንን የደም መርጋት አደጋም ሆነ አናቦሊክ ስቴሮይድ በልብ ጡንቻ፣ በጉበትና በመራቢያ ሆርሞኖች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በጊዜ ሊያስብበት አይችልም።

«ስቴሮይድ» የሚለው ቃል በዘገባ ሳይለይ መነገሩም ጉዳት አለው። ለአስም የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ጡንቻ ከሚያሳድጉት አናቦሊክ ስቴሮይዶች ይለያል፤ ሆኖም በአፍም ሆነ በመርፌ የሚሰጡ ኮርቲኮስቴሮይዶች በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋውም ተጨምሯል። በትንፋሽ የሚወሰድ ሳልቡታሞል ግን እስከ ተወሰነ መጠን ይፈቀዳል። ልዩነቱን የማያውቅ ሯጭ ወይ የሚያስፈልገውን ሕክምና ይሸሻል፣ ወይም ሳያውቅ ይቀጣል፤ ወደ ሰውነቱ ለገባው ነገር ተጠያቂው እርሱ ራሱ ነውና። በመሆኑም መድኃኒት የሚያዝም ሆነ የሚያድል ባለሙያ፣ ታካሚው ይወዳደር እንደሆነ መጠየቅና የሕክምና አጠቃቀም ፈቃድ የሚባል ሥርዓት መኖሩን መንገር ይገባዋል።

ከዘጋቢው የሚጠበቀውም እምብዛም የተለየ አይደለም። የተገኘው ንጥረ ነገር ምንድን ነው? በምን መጠን? ሁለተኛው ናሙና ተመርምሯል ወይስ ገና ነው? ጉዳዩ በመጨረሻ እንዴት ተቋጨ? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንቸስተሩ ተጫዋችም ለደብረ ታቦሩ ሯጭም እኩል ከተጠየቁ፣ ንጹሑ ከሐሜት ይድናል፤ ጥፋተኛውም በዝናው ከለላ አይሸሸግም። ጉዳት የደረሰበት ወጣት ደግሞ ሳይፈራ ወደ ሐኪሙ ይመጣል።