የአክሱም ገበሬ የተከሰሰበት ማስረጃ

ስለ አክሱም በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ ሐውልቱ፣ መቃብሩና የወርቁ ገንዘብ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። ያን ሁሉ ድንጋይ ጠርቦ ላቆመው ሕዝብ ምግቡን ማን አመረተለት? ለሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ዘመን መልስ የፈለገ አልነበረም። በ1906 (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጣው የጀርመን ጓድ ሕንፃውንና ጽሕፈቱን በሚያስደንቅ ጥንቃቄ መዝግቦ በ1913 አሳተመ። ከአመድ ውስጥ ዘር መልቀም ግን የዚያ ጓድ ሥራ አልነበረም።

ገበሬው በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ ጎልቶ የተጠራው ተከሳሽ ሆኖ ነው። በ1981 ፕሮፌሰር ካርል ቡትዘር ስለ አክሱም መነሣትና መውደቅ በአንድ የአሜሪካ የአርኬዎሎጂ መጽሔት ላይ ጻፉ። አሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ የክርስትና መቶ ዓመታት የበልጉ ዝናም በርትቶ ነበርና ምድሪቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ታፈራ ነበር። ሕዝቡ በዛ፤ ዳገቱ ተመነጠረ፤ መሬቱ ያለ ዕረፍት ታረሰ። በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ዓመት አፈሩ ታጥቦ ወረደ፤ ዝናሙም ጎደለ፤ ከተማይቱም ተዳከመች። በእኛ አስተያየት ይህ ቀላል ክስ አይደለም። ያን መንግሥት በላቡ የመገበው ሰው፣ ያፈረሰውም ራሱ ነው ማለት ነውና።

የቡትዘር ሥራ የሚናቅ አይደለም። ሌሎች ድንጋዩን ሲመለከቱ እሳቸው አፈሩን ተመልክተዋል፤ የባሕር ንግዱ መቀነሱንም ሳይጠቅሱ አላለፉም። ሆኖም የክሱ ዋና ምስክር ከዳገት የወረደ አፈር ነው። አፈር ደግሞ መታጠቡን ይናገራል እንጂ ማን እንዳጠበው አይናገርም። ዳገት የሚናደው ሲታረስ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛው ጥሎት ሲሄድ፣ የፈረሰውን እርከን መልሶ የሚክብ ሰው ሲጠፋም ይናዳል። እንግዲህ ከተማይቱ የተዳከመችው አፈሩ ስለ ታጠበ ነው ወይስ አፈሩ የታጠበው ከተማይቱ ስለ ተዳከመች? የወረደው ደለል ብቻውን ይህን ሊፈርድ አይችልም።

ሁለተኛው ምስክር የመጣው ዘግይቶ ነው። ከ1993 እስከ 1997 ዴቪድ ፊሊፕሰን በመሩት ቁፋሮ የተቈፈረው አፈር በውኃ እየተበጠበጠ፣ ላይ የሚንሳፈፈው ከሰል በጥሩ ወንፊት እየተጠለለ ተለቀመ። እህል በዚያ አፈር ውስጥ ካልከሰለ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ለእኛ የደረሰን ከምድጃ ዳር ወድቆ ያረረው ነው። ይህን የመረመሩት ሺላ ቦርድማን ናቸው። ውጤቱ በ2000 ከቁፋሮው ዘገባ ጋር ታተመ። ዝርዝሩን ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ የአክሱም ጎተራ እንግዳ አይሆንበትም፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ፌጦ አሉ። የወይን ፍሬና የጥጥ ዘርም አልጠፋም። (አጃ ያልነው ሲወቃ ገለባውን የማይለቀውን የስንዴ ዓይነት ነው።) ገብሱና ተልባው መንግሥቱ ከመመሥረቱ በፊት በነበረው የኪዳነ ምሕረት መንደር ሳይቀር ተገኝተዋል።

የቡትዘር አሳብ ከዚህ ዝርዝር ጋር ሲጋጠም ይላላል። ሁለቱን መከር ያስገኘው በልጉ ከሆነ፣ በልጉ ሲቀር የሚራበው በልግን ብቻ ተማምኖ የሚዘራ ገበሬ ነው። ጤፍ የክረምት እህል ነው፤ ዘግይቶ ይዘራል፣ ውኃ ሲበዛም ሲያንስም ይታገሣል። ሽምብራ ዝናሙ ሊያባራ ሲል በመረሬ መሬት ይጣልና አፈሩ በያዘው እርጥበት ይደርሳል። ኑግ በደከመ መሬት ይበቅላል፤ ምስርና ሽምብራም የደከመውን መሬት ያበረታሉ። ይህን ሁሉ በጎተራው ያኖረ ሰው መሬቱን ሳያውቅ አልበዘበዘም። በእርግጥ ዘሩ መኖሩ ስንት ጥማድ እንደ ተዘራ አይነግረንም። የጤፍ ፍሬ ደግሞ ከትንሽነቱ የተነሣ በወንፊትም ያመልጣል፤ እናቶቻችን ሲያበጥሩት ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

የእህሉን ታሪክ ከነገሥታቱ ጽሕፈት ብቻ የሚያወጡትም እንዲሁ ያሳስቱናል። ንጉሥ ዒዛና በቤጃ ዘመቻው ጽሕፈት ላይ 4,400 ለሚሆኑ ምርኮኞች በየቀኑ 22,000 የስንዴ ዳቦ እንዳስቀረበላቸው ይተርካል፤ ለአንድ ሰው 5 ዳቦ መሆኑ ነው። በአክሱም ገንዘብ ላይም የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ተቀርጿል። ከዚህ ተነሥቶ አክሱማውያን ስንዴ በሎች ነበሩ ማለት የቤተ መንግሥትን ማዕድ የአገር ሁሉ ማዕድ ማድረግ ነው። ጤፉንና ዳጉሳውን ያወጣልን አመዱ እንጂ ድንጋዩ አይደለም።

በ2009 ቻርልስ ፍሬንች፣ ፌዴሪካ ሱላስና ማርኮ ማዴላ በአክሱም ዙሪያ ያሉትን ሸለቆዎች አፈር እንደ ገና መርምረው፣ ምድሩ ቡትዘር ካሰቡት ይልቅ የረጋ እንደ ነበረ አሳዩ። በሌላ በኩል ፊሊፕሰን ራሳቸው እንጨቱና መሬቱ ከልክ በላይ መሠራቱ ለከተማይቱ መዳከም አስተዋጽኦ እንዳደረገ ጽፈዋል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ እኛም ገበሬው ፈጽሞ ንጹሕ ነው አንልም። ይሁን እንጂ የአክሱም ገንዘብ መመታት የቀረው በ7ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ፋርሶች የመንን የያዙትም ከዚያ በፊት፣ በ570ዎቹ ነው። የቀይ ባሕር ገበያ ሲጠብ የታየውን ድካም በቅድሚያ በሞፈሩ ላይ መጫን ቸኩሎ መፍረድ ይመስለናል።

ክሱን በእውነት ሊፈትን የሚችለው አረሙ ነው። ከእህሉ ጋር አብሮ የታጨደው፣ አብሮም ያረረው የአረም ዘር መሬቱ የሰባ ወይም የከሳ መሆኑን ይጠቁማል፤ በከሳ መሬት የሚበረታው አረም ሌላ፣ በሰባው የሚበረታው ሌላ ነውና። የ5ኛው መቶ ዓመት አመድ ከ7ኛውና ከ8ኛው መቶ ዓመት አመድ ጋር በዚህ ዓይን ጎን ለጎን ቢተያይ፣ የቡትዘር አሳብ ወይ ይጸናል ወይ ይወድቃል።