«ተለዋዋጭ» በማይለወጥበት ቋንቋ፦ ስለ ሰነድ ለውጥ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

በኮምፒዩተር የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ይዘቱና መልኩ ተለያይተው ቢቀመጡ ሥራው እንደሚቃና የሙያው ሰዎች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታወጀው ኤክስኤምኤል የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ለዚህ ተግባር ያገለግላል፤ ዋናው ቃል፣ የቃል ክፍሉ፣ ፍቺውና ምሳሌው እያንዳንዳቸው በየስማቸው ታጥረው ይጻፋሉ። እንዲህ የተጻፈውን ሰነድ ወደ ኅትመት ገጽ ወይም ወደ ሌላ መልክ ከሚለውጡት መሣሪያዎች አንዱ ኤክስኤስኤልቲ ነው። የዚህ ቋንቋ የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሁለተኛው በ2007፣ ሦስተኛው በ2017 ወጥቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቋንቋውን አጠቃቀም ማስተማር ሳይሆን፣ ተማሪውን ገና ከደጃፉ ከሚያሰናክሉት ነገሮች መካከል እኛ የምንሰጣቸው የአማርኛ ስያሜዎች እንደሚገኙበት ማሳየት ነው። የምነቅፋቸው ሦስት ስያሜዎች የራሴም ናቸው፤ ለማስተማሪያ ባዘጋጀሁት ዝርዝር ውስጥ ሁሉንም አስገብቻቸው ነበር።

የመጀመሪያው «ቫሪያብል» ለሚለው የሰጠነው «ተለዋዋጭ» ነው። ቃሉ በሒሳብ ትምህርት የታወቀ፣ በብዙዎቹ የኮምፒዩተር ቋንቋዎችም የሚስማማ ነው። በኤክስኤስኤልቲ ግን ቫሪያብል አንድ ጊዜ ዋጋ ከተሰጠው በኋላ ሊለወጥ አይችልም። ቃላቱን ለመቁጠር የፈለገ ተማሪ ስያሜውን አምኖ በየተራው አንድ ሊጨምርበት ይሞክራል፤ አይሆንለትም። መቁጠር ሲያሻው ሰነዱን «ይህ ስንተኛ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው የሚገነዘበው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። ለአንድ የውጭ ቃል በየትም ቦታ አንድ የአማርኛ ቃል ይኑረው የሚሉ ባልደረቦች ይቃወሙኝ ይሆናል። መልሴ፣ ስያሜ የሚከተለው ጽንሰ ሐሳብን እንጂ የውጭ ቃልን አይደለም የሚል ነው። የእንግሊዝኛው ስም ራሱ የሚያሳስት ከሆነ ስሕተቱን አብረን የምንተረጉምበት ምክንያት የለም። «የተሰየመ ዋጋ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው «ሥር» ነው። ኤክስኤስኤልቲ ሰነዱን እንደ ዛፍ ይመለከተዋል፤ ወላጅና ልጅ የሆኑ አንጓዎች አሉት፤ የሁሉ የበላይ የሆነውም አንጓ በእንግሊዝኛ ሥር ይባላል። ለእኛ ግን የቃል ሥር ማለት እንደ ስ-ብ-ር ያለው የተነባቢዎች ስብስብ ነው። በሥር በተደራጀ መዝገበ ቃላት ላይ የሚሠራ ሰው «ወደ ሥሩ ሂድ» ሲባል ወዴት ይሂድ? ችግሩ ቀላል እንዳይመስለን። በኤክስኤምኤል የመጀመሪያ ደንብ የግዕዝ ፊደል በጽሑፉ ውስጥ ቢፈቀድም ለአባላት መጠሪያነት አይፈቀድም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አምስተኛ እትም ግን ተፈቅዷል። ስለዚህ ዛሬ «ሥር» የሚባል አባል በሰነዱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የበላዩን አንጓ «መነሻ» ብንለው ውዝግቡ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው «ቴምፕሌት»ን «ቅጽ» ማለታችን ነው። ቅጽ ባዶ ቦታው የሚሞላ ወረቀት ነው። ተማሪውም ከላይ ወደ ታች የሚሞላ ነገር ይጠብቃል። በእርግጥ በስሙ ተጠርቶ የሚሠራ ዐይነት አለ፤ ለእርሱ «ቅጽ» ያን ያህል አይከፋም። ዋናው ግን «እንዲህ ያለ አንጓ ሲገኝ ይህን አውጣ» የሚል ደንብ ነው። የቋንቋ ሊቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ለብዙ ቁጥር «-ኦች» ጨምር የሚለው አጠቃላይ ደንብ ባለበት «መምህር» በልዩ ደንብ «መምህራን» እንደሚሆን ሁሉ፣ በኤክስኤስኤልቲም ለማንኛውም አባል ከተጻፈው ደንብ ይልቅ ለአንድ አባል በስሙ የተጻፈው ይቀድማል።

«ቅጽ» የሚለው ስያሜ ከሁሉ በላይ የሚሰውረው ደንብ ባልተጻፈበት ቦታ የሚሆነውን ነው። ቅጽ ላይ ያልተጻፈ ነገር ባዶ ሆኖ ይታያል። እዚህ ግን ቋንቋው የራሱን አብሮ የተሰጠ ደንብ ይሠራበታል፤ ምልክቱን ይጥልና በውስጡ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ያወጣዋል። ለምሳሌው ደንብ መጻፍ የዘነጋ አዘጋጅ ምሳሌው ከፍቺው ጋር ተጣብቆ ታትሞ ያገኘዋል። የፍቺው ተራ ቁጥር በአባሉ መክፈቻ ምልክት ውስጥ እንደ መለያ ተጽፎ ከነበረ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው ስለማይወጣ፣ ጨርሶ ይጠፋል። ለሁለቱም ስሕተቶች የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ የለም። «የለውጥ ደንብ» ብለን ብንሰይመው ኖሮ ተማሪው ቢያንስ «ደንብ ያልጻፍኩለትስ በየትኛው ደንብ ይመራል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእንግሊዝኛው ሰነድ ራሱ ይህን ዐይነት ሲጠራው «ደንብ» የሚለውን ቃል አክሎ መሆኑን ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ አጭር ነው። የሙያ ስያሜ የሚመዘነው በጆሮ ስለጣመ ወይም ከውጭው ቃል ጋር ስለተካከለ ብቻ መሆን የለበትም። የአማርኛውን ቃል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ነገሩ ምን እንደሚሠራ በትክክል ሊገምት ይችላልን? ሦስቱ ስያሜዎቼ በዚህ ፈተና ወድቀዋል። የተተኩትንም አንባቢያን በዚሁ ሚዛን እንዲመዝኑልኝ አቀርባለሁ።