የአቃቂ ጎመን ተከሳሽ

በጾም ወራት አቃቂ ወይም ሳሪስ ገበያ የወጣች ሴት የቆስጣ እስሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ከዋጋው በፊት «የት የበቀለ ነው?» ትላለች። ጉልት የተቀመጠችውም ቅጠሉ ላይ ውኃ እየረጨች «የዝዋይ ነው እናቴ» ትላታለች። እውነት ይሁን ሐሰት የሚያጣራ የለም። በአዲስ አበባ ስለ ወንዝ ብክለት የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው ከዚህ ጉልት አያልፍም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይኸው ነው።

ስጋቱ መሠረት አለው። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ከተማዋን አቋርጠው፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በየዳርቻው ያለው አትክልተኛ ደግሞ ይህንኑ ውኃ በሞተር እየሳበ ማሳውን ያጠጣል። ፍስሐ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባወጡት ጥናት በከተማዋ ማሳዎች የበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎችን ፈትሸው ከባድ ብረቶችን አግኝተውባቸዋል። ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ እንደሚይዝም አሳይተዋል።

አደባባይ ላይ ግን ይህ ልዩነት ይጠፋል። ጥቅል ጎመኑም ሰላጣውም «የፍሳሽ» ተብሎ አንድ ላይ ይወገዛል፤ መድኃኒቱም አቼቶ ይሆናል። ሰላጣን አቼቶ በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ ጀርም ሊቀንስ ይችላል። በሥር ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ የገባ እንደ ካድሚየም ያለ ከባድ ብረት ግን በማጠብ አይወጣም። ጀርሙን የቤት እመቤቷ ትችለው ይሆናል፤ ብረቱ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራ ነበር። ክርክሩ ሁለቱንም እሷ ላይ ጥሎባታል።

አትክልተኛው በቀላሉ ይወቀሳል፤ ማሳው ከመንገድ ይታያል፣ እሱም እዚያው ነው። የባቡር ሐዲዱን ተከትለው ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አቃቂ ላይ የተተከሉት ድርጅቶች ሲነሡ ግን በጅምላ «ፋብሪካዎች» ተብለው ይታለፋሉ፤ የትኛው፣ ምን፣ በየትኛው ቱቦ የሚል ጥያቄ አይከተልም። ነዋሪውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተስፋፋው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ቢሠራም፣ ከመስመሩ ያልተገናኘው ቤት ብዙ ነው። ስለ ቆስጣው የምትጠይቀዋ ሴት የራሷ ቤት ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድ ብትጠየቅ መልስ ላይኖራት ይችላል።

ሕጉ ከክርክሩ ቀድሞ ሄዷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ እንደተነካ ማሳየት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለነባር ፋብሪካዎች የተሰጠው የአምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜም ካበቃ ቆይቷል።

በዚህ በር የገባ ግን ጥቂት ነው። አፓፕ የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር፤ ጉዳዩ ፍሬ ነገሩ ሳይመረመር ተዘጋ። የሕግ ምሁራን ስለዚህ መዝገብ ብዙ ጽፈዋል፤ ጉልት ላይ የሚያነሣው የለም።

በ2011 ዓ.ም. በ29 ቢሊዮን ብር በጀት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ለመሸፈን የታቀደው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲመጣ የክርክሩ መልክ ተለወጠ፤ አሁን ስለ መናፈሻና ስለ ዳርቻው ውበት ሆነ። ዳርቻው አበባ ቢተከልበት አትክልተኛው ይነሣል፣ የከተማው ሰውም ጎመኑን አያየውም። ውኃው ግን ከላይ ካልተጣራ እንደነበረ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ይገባል፤ ቆቃ ግድብ ሳይደርስም ከብት የሚያጠጡና መስኖ የሚጠልፉ ሰዎች ይጠቀሙበታል።